ስልኩ ያልጮኸበት ጠዋት

እንዝርት የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ልጅ ሳለች ገበታ ቀርቦ እንኳ አንዴ ከወንበሩ፣ አንዴ ከመስኮቱ፣ አንዴ ከበሩ ስትል ሰውየው ዓይናቸው ይዞርና፣ «ኧረ ይቺን እንዝርት አንድ ሰው ይያዝልኝ!» ይሉ ነበር። ስሙ አብሯት አደገ። አግብታ፣ ወልዳ፣ ሽበት ጣል ጣል ካደረገባት በኋላም ቤት ውስጥ ሆነ መሥሪያ ቤት በሌላ ስም የሚጠራት የለም። ባሏ አናጢ ነው፤ አንድ እንጨት ይዞ ግማሽ ቀን ዝም ማለት የሚችል ሰው። እንዴት እንደተጋቡ ሲጠየቅ፣ «እኔ ቆሜ ነበር፤ እሷ ስትዞር ደጋግማ መጣችብኝ» ይላል።

የምትሠራው አምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ነው። ምድር ቤት ያለ ረዘም ያለ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የከተማው ካርታ ተለጥፏል፣ ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ በየጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ አለ፣ መሐላቸው ከሾፌሮቹ ጋር የሚያገናኝ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ይንሾካሾካል። ሰው ሲወድቅ፣ ሲቃጠል፣ ምጥ ሲይዛት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ወደ አጭሩ ቁጥር ይደወላል፤ እንዝርት ታነሳለች። ታዲያ የሚገርመው ስልኩ የጮኸ እንደሆነ ያቺ ሴት ሌላ ሰው ትሆናለች። እግሯ ይረጋል፣ ድምጿ ዝቅ ይላል። «የት ነዎት? ይተነፍሳሉ? እጅዎን ደረታቸው ላይ ያድርጉ፤ እኔ አልዘጋም፣ አብሬዎት ነኝ።» ከሌላው ጫፍ የሚያለቅስ ሰው ድምጿን ሰምቶ መልስ መስጠት ይጀምራል።

ጭንቋ ስልኩ ዝም ሲል ነው።

ጸጥ ባለ ቁጥር መስመሩ የተበላሸ ይመስላታል። አንድ ሰው የሆነ ቦታ እየደወለ፣ እየደወለ እዚህ የማይሰማ ይመስላታል። ያን ጊዜ የራሷን ሞባይል ታወጣና ወደ አጭሩ ቁጥር ትደውላለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ባልደረባዋ፣ ድምፁ እንደ ደወል ጥርት ያለ ስለሆነ መረዋ የሚሉት ሰው፣ ያነሳል።

«አምቡላንስ ጥሪ ማዕከል፣ ምን እንርዳ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ሴትዮ! አጠገቤ ተቀምጠሽ?»

«መስራቱን ልይ ብዬ ነው። በል ዝጋው።»

በዚህ ብዙ ተሳቀ። አንድ ቀን ግን እሷ መስመሩን ስትፈትሽ፣ መረዋ ደግሞ የፈላ ውሃ የተደፋበትን ሰው ሲያነጋግር፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ደውላ «መስመሩ ተይዟል» ተባለች። ሴትየዋ ሁለተኛ ደውላ ነገሩ በሰላም አለፈ። ኃላፊው ግን ወሬው ሲደርሳቸው ከፎቅ ወርደው መጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ በቂ ምክንያት ሳይኖር መስመር መፈተሽ ክልክል ነው» አሉ።

«በቂ ምክንያት ማለት ምን ያህል ዝምታ ነው?» አለች እንዝርት።

ኃላፊው አሰብ አደረጉና፣ «እሱማ እርስዎ ያውቁታል» ብለው ወጡ።

እሷ ግን አታውቀውም ነበር። ሩብ ሰዓት ብዙ ነው? ግማሽ ሰዓትስ? ጥያቄው እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገባ።

በዚያው ሰሞን ከሥራ በኋላ ኮሌጅ ትማር ነበር። ወደ ዕቅድ ክፍል መዛወር የሚፈልግ ሠራተኛ የስታቲስቲክስ ኮርስ ማለፍ አለበት ተብሎ፣ ዓምና ሞክራ ወድቃለች። የጣላትም የዕድል ስርጭት የሚባለው ምዕራፍ ነው። መስመር መፈተሽ ከተከለከለች በኋላ አስጠናኝ ብላ ለታናሽ ወንድሟ ደወለች። ወንድሟ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነው፤ ዝግ ያለ፣ በነገር የማይቸኩል፣ በልጅነቱ አዝላ ያሳደገችው።

ቅዳሜ ጠዋት መለማመጃ ጥያቄዎቹን ታቅፎ መጣ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ባሏ ከደጅ መላጊያውን ይጎትታል።

«የመጀመሪያው ይኸውልሽ እታለም። አንድ ፋብሪካ ከሚያወጣቸው አምፖሎች ከአሥሩ አንዱ የማይበራ ነው። አምስት ቢነሱ ሁለቱ የማይበሩ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?»

«ማነው የሚያነሳው?»

«ማንም ይሁን።»

«ሰክቶ ለምን አያያቸውም?»

«ጥያቄው ከመሰካቱ በፊት ነው። እሺ፣ የማይበራ አምፖል ማግኘትን ስኬት እንበለው…»

እንዝርት ከመቀመጫዋ ተነሳች። «የተበላሸ አምፖል ማግኘት ነው ስኬት?»

«የምንቆጥረውን ነገር ነው ስኬት የምንለው። ክፉም ይሁን ደግ።»

«እንግዲያው እኛ ቢሮ ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ስኬት ነው በለኛ!»

«ለሂሳቡ… አዎ።»

«አይ ሂሳብ!» ብላ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

በዚህ ዓይነት ብዙ ቅዳሜ አለፈ። ስሌቱ ራሱ አላቃታትም፤ ያቃታት አንድ ቦታ ላይ መቆየቱ ነበር። ሁለቱ የማይበሩ፣ ሦስቱ የሚበሩ፤ ታባዛለች፣ ትጨርሳለች፣ መልሱ አይመጣም። የትኞቹ ሁለቱ እንደሆኑ በስንት ዓይነት እንደሚመረጥ መቁጠር ሁሌ ትዘልላለች። ወንድሟ በቃል ሲያስረዳት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። በመጨረሻ ባሏ ሰልችቶት ገባና ከኪሱ አምስት ሚስማር ጠረጴዛው ላይ በተናቸው።

«ሁለት ስጪኝ» አላት።

ሰጠችው።

«መልሺና ሌላ ሁለት ስጪኝ። ያው እንዳይሆን።»

ሰጠችው። እየመለሰ፣ እየጠየቀ፣ ከአሥረኛው በኋላ አዲስ ጥንድ አጣች። ሚስማሮቹን አየቻቸው፣ ወንድሟን አየችው። «አሥር መንገድ አለው! ለካ አንዱን መንገድ ብቻ ነው ስቆጥር የኖርኩት!»

«ሚስማሬን ልውሰድ?» አለ ባሏ።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ላይ መቆየት ጀመረች። የአምፖሉን፣ የሚጣለውን ባለ ስድስት ገጽ ዳይ፣ ዒላማውን የሳተውን ተኳሽ፣ ሁሉንም ሠራች። አንድ ቅዳሜ ገጹን ስትገልጥ የሚከተለውን አነበበች፦ ‹አንድ የስልክ ክፍል በሰዓት በአማካይ አራት ጥሪ ይደርሰዋል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ምንም ጥሪ ያለመምጣቱ ዕድል ስንት ነው?›

ክው አለች። የእሷ የጠዋት ፈረቃም አማካዩ ከዚያ አይርቅም።

«ይሄ ሰው እኛ ቢሮ ገብቷል» አለች።

«ይሄ ፖይሰን የሚባለው ስርጭት ነው» አለ ወንድሟ። ካልኩሌተሩን ወደ እሷ ገፋላት፤ እንዴት እንደሚሠራ አሳያት፤ ራሷ ነካካችው። ከመቶ ሠላሳ ሰባት ያህል መጣ። ደግማ ሠራችው። ያው ነው።

«ከመቶ ሠላሳ ሰባት? ይሄማ ከሦስት ሩብ ሰዓቶች አንዱ ዝም ነው ማለት ነው!»

«አዎ። አማካይ አራት ነው ማለት እኮ ጥሪዎቹ ሰልፍ ይዘው በየሩብ ሰዓቱ ይመጣሉ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ተጋፍተው ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋሉ። ጤነኛ መስመር እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ስንት ዓመት በከንቱ ነው ነፍሴ ስትወጣ የኖረችው!» ግማሽ ሰዓት አሰላች፤ ከመቶ አሥራ ሦስት ተኩል። አንድ ሙሉ ሰዓት አሰላች፤ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። «በቃ፣ አንድ ሰዓት ዝም ካለ ተበላሽቷል።»

«እሱም አይደለም እታለም። ከመቶ ሁለት ትንሽ ነው እንጂ ባዶ አይደለም። በዓመት ውስጥ ስንት መቶ ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ? አንድ ቀን ይደርስብሻል። ሲደርስ አትደንግጪ።»

ይህን ነገር እንደ መድኃኒት ዋጠችው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ስልኩ ጸጥ ሲል ሞባይሏን ሳይሆን መለማመጃዋን ታወጣለች። መረዋ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ሰው አደረጉሽ እኮ! ሂሳብ እንዲህ የሚያረጋጋ ከሆነ ሚስቴንም አስመዘግባታለሁ» አላት። ባሏም ሌሊት መገላበጧ መቀነሱን ለጓደኞቹ አወራ። እሷ ራሷ ግን እርጋታውን እንደ ተዋሰችው ልብስ ነበር የምትለብሰው፤ ትከሻዋ ላይ ልክ አልገባም።

ያ ጠዋት እንደማንኛውም ጠዋት ነው የጀመረው። ገና እንደገቡ ደረጃ ላይ የወደቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ አስም የተነሳባት ልጅ። ሁለቱም መኪና ተላከላቸው። ከዚያ ስልኮቹ ዝም አሉ።

እንዝርት መለማመጃዋን ዘረጋች። ሩብ ሰዓት አለፈ። ከመቶ ሠላሳ ሰባት፤ ምንም አይደል። ‹አንድ ሰው ከኪሱ ቁልፎች አንዱን በዘፈቀደ እያወጣ በር ሊከፍት ይሞክራል› የሚለውን ጥያቄ ጀመረች። መረዋ ሻይ ይዞ መጣ። ግማሽ ሰዓት ሞላ። እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ፤ በሌላ እጇ ያዘችው። ከመቶ አሥራ ሦስት፤ ይከሰታል።

የቁልፉ ሰውዬ በሩን ሳይከፍት ቀረ። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ አልገባትም። ተነስታ ካርታውን አየች፣ ተቀመጠች። ሬዲዮውን አንስታ ሾፌሮቹን ጠየቀች። «ሁላችንም ቆመናል፤ አንዱ እንቅልፍ ወስዶታል» አላት አንደኛው።

«ዛሬ አገሩ ሁሉ ጤና አድሯል። ምን አስከፋሽ?» አለ መረዋ።

አንድ ሰዓት ሞላ። ከመቶ ሁለት አይሞላም። ይደርስብሻል ብሎኛል፤ ይኸው ደረሰ፤ አትደንግጪ ብሎኛል። ሻዩ ፊት ለፊቷ ቀዘቀዘ። ኃላፊው በበሩ ብቅ ብለው ጸጥታውን አዩና ራሳቸውን በደስታ ነቅንቀው አለፉ። ዝምታው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ሲጠጋ እሷ ወረቀቷን ገልብጣ ከጀርባው ያንኑ ማስላት ጀመረች። መልሱ ሲወጣ እርሳሷ እጇ ላይ ቆመ። ከሺህ ሁለት ወይ ሦስት።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታያት። እሷ ስታሰላ የቆየችው ጤነኛ መስመር ስንቴ ዝም እንደሚል ነው። መስመር ስንቴ እንደሚበላሽስ? ከሺህ ሁለት ብርቅ ነው፤ ግን ሽቦ መበጠስ ከዚያ የበለጠ ብርቅ ነው ያለ ማነው? ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያመዛዘነ ሰው የለም።

ሞባይሏን አወጣች። ደወለች። ጆሮዋ ላይ ጠራ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁለት ስልኮች እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል።

«መረዋ» አለች በዝግታ፣ «ስልክህ እየጮኸ ነው?»

«አይ።»

«እኔ ጆሮ ላይ ግን እየጠራ ነው።»

መረዋ ከወንበሩ ተፈናጠረ። ከዚያ በኋላ ምድር ቀውጢ ሆነች። እንዝርት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ኃላፊው ቢሮ ገባች፤ የስልክ ቴክኒሻኑ ተጠራ፤ ለከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ሌላ ቁጥር ለሕዝብ እንዲያስነግር ተነገረው። ቆመው የነበሩ ሾፌሮች ወደ ገበያው፣ ወደ መናኸሪያው፣ ወደ ትልልቆቹ አደባባዮች እንዲወጡና ዓይናቸውን እንዲጥሉ በሬዲዮ አዘዘች። ቴክኒሻኑ ብዙ አልራቀም። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ የሚቆፍሩ ሰዎች ኬብሉን በጥሰውት አፈር አልብሰውታል። የሚደውል ሰው መጥራቱን ይሰማል፤ የሚያነሳው ግን የለም። ከቀትር በፊት ተቀጠለ። በተቀጠለ ቅጽበት ሁለቱም ስልኮች አንድ ላይ ጮኹ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ሴት በሩን በርግዳ ገባች። የጫማ መሸጫ ሱቅ ያላት ናት። አንድ እጇ ላይ የሷ ያልሆነ የሴት ነጠላ ጫማ ይዛለች፤ መያዟንም የረሳችው ትመስላለች።

«ማነው ጠዋት እዚህ የነበረ?»

«እኔ ነኝ» አለች እንዝርት።

«እናቴ ሱቅ ውስጥ እያወራች አፏ ተጣመመ። ወደቀች። ደወልኩ። ይጠራል! ይጠራል! ይጠራል! ማንም አያነሳም! በዕቃ መጫኛ መኪና፣ በካርቶን መሐል አስተኝቼ ነው የወሰድኳት። ሐኪሞቹ ቀደም ብትሉ ኖሮ እጇ ይተርፍ ነበር አሉኝ። ምን ስትሠሩ ነበር? ንገሪኛ፣ ምን ስትሠሪ ነበር?»

መረዋ ስለ ኬብሉ ሊናገር አፉን ከፈተ። እንዝርት በእጇ ከለከለችው።

«ዝምታው የጤና ነው ወይስ የብልሽት እያልኩ ሳሰላ ነበር» አለች። «እናትሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው የወደቁት?»

ሴትየዋ ነገረቻት። ስልኩ ዝም ካለ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። የድሮዋ እንዝርት፣ ያቺ ሁሉ የሚስቅባት፣ ከዚያ በፊት ደውላ ትደርስበት ነበር።

ሴትየዋ የምትጮህበት አጥታ ወንበር ላይ ወደቀች። እንዝርት አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ነጠላ ጫማውን ከእጇ ተቀበለቻት።

ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ወንድሟ ትምህርት ቤት ሄዳ መምህራን ክፍል ውስጥ ፈተና ሲያርም አገኘችው።

«አረጋጋኸኝ!» አለችው ገና ከበሩ። «እኔ መቼ አረጋጋኝ አልኩህ? ፈተናውን አሳልፈኝ አልኩህ እንጂ!»

ነገሩን ስትጨርስለት ፊቱ ተለዋወጠ። «ሂሳቡ እኮ ልክ ነበር» አለ፣ ካለው በኋላ ግን ራሱ አፈረበት።

«ልክ ነበር!» ብላ በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች።

ሁለት ቅዳሜ አልመጣም። እሷም አልደወለችለትም። መለማመጃው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። እሷ እንደገና ቁጭ ብድግ ሆነች፤ ቢሮ ውስጥ በየደቂቃው ስትፈትሽ ማንም የከለከላት የለም፤ ኃላፊውም እያዩ እንዳላዩ ያልፋሉ። እንዲህ ግን አይዘለቅም። እሷ መስመር በያዘች ቁጥር ያቺ ነፍሰ ጡር ትታወሳታለች፣ ሳትይዝ ስትቀር ደግሞ ያ ነጠላ ጫማ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ወንድሟ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። በእጁ አንድ ገጽ ይዟል፤ ከመጽሐፍ አይደለም፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ጥያቄ አውጥቼልሻለሁ» አለ። «ስሌቱ አልነበረም የተሳሳተው፣ የጠየቅነው ነገር ነው። ይሄ ዝምታ ምን ያህል ብርቅ ነው ብቻ አልን። ብሳሳት ምን ይጠፋል አላልንም። በከንቱ ብትፈትሺ የሚጠፋው ግማሽ ደቂቃ ነው። ሳትፈትሺ ብትቀሪ…» ገጹን ዘረጋላት። «እኔ ግማሹን ብቻ ነው ያስተማርኩሽ፣ እታለም።»

እንዝርት ቀና ብላ አላየችውም። ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት። «ቁጭ በል። ከየት ነው የሚጀምረው?»

የሚጀምረው ከቀላሉ ነበር። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ሲፈተሽ ሌላ ሰው የመደወሉ ዕድል፣ ያ ሰው መስመር የማጣቱ ዕድል፤ በሌላ በኩል ደግሞ መስመሩ ተበጥሶ በየሩብ ሰዓቱ ስንት ሰው ደውሎ እንደሚያጣ። እያባዙ፣ እየሰረዙ፣ እየተጨቃጨቁ ዋሉ። አንድ ቦታ ላይ እሱ ተሳሳተና እሷ አረመችው፤ እሱ ደስ አለው፣ እሷ ግን ልብ አላለችውም፤ ቀጥላ ሄዳለች። የደረሱበት ነገር አጭር ነው፦ ሦስተኛ መስመር ይግባ፤ ለመፈተሻ ብቻ ይሁን፤ ስልኩ ሃያ ደቂቃ ዝም ባለ ቁጥር ተረኛው በግዴታ ይፈትሽ፤ በጭንቀትም በእርጋታም አይወሰን።

ኃላፊው መጀመሪያ አንገራገሩ። እንዝርት ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስኬደቻቸው፤ እሳቸውም ሂሳብ የሚፈሩ ሰው አልነበሩምና እርሳስ አንስተው አብረዋት ሠሩ፣ አንድ ቁጥር አስተካከሉላትም። መስመሩ በወሩ ገባ።

ጫማ ቤቱን ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታለች። የመጀመሪያ ቀን ልጅቱ «ምን ልስጥሽ?» አለቻት እንደማታውቃት ደንበኛ። በሁለተኛው ቀን እናትየው ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ማሰሪያ ያስገባሉ። ንግግራቸው ገና ይጎተታል። እንዝርት ማንነቷን ነገረቻቸው። አሮጊቷ ብዙ ቆይተው አይዋትና ማሰሪያ ያልገባለት ጫማ አቀበሏት። ተቀምጣ አስገባች። ልጅቱ ከሩቅ ታያት ነበር፤ ሂጂም አላለቻት፣ ተቀመጪም አላለቻት።

ፈተናውን በዚያው ዓመት አለፈች፤ ውጤቷ የሚያስፎክር አይደለም። የዳዩን ጥያቄ ከመቸኮል የተነሳ አበላሽታዋለች፤ የስልኩን ዓይነት ግን ሙሉ አገኘች። ወደ ዕቅድ ክፍልም ተዛወረች፤ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ያለው፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ስልክ የማይጮህበት ክፍል። ሥራው ደስ አላት። ዝምታው ግን አልተቻላትም። አንዴ ለወረቀት፣ አንዴ ለውሃ እያለች ምድር ቤት ስትወርድ፣ መረዋ «ዛሬ ስንተኛሽ ነው?» ይላታል። በመጨረሻ ጠዋት ጠዋት ታች ስልክ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ፎቅ ዕቅድ ክፍል እንድትሆን ተፈቀደላት። ባሏ ይህን ሲሰማ፣ «አሁን ለአንቺ የሚሆን ቢሮ ተገኘ፤ ደረጃው» አላት።

በቅርቡ የያዘችው ነገር አምቡላንሶቹ የሚቆሙበት ቦታ ነው። በመናኸሪያው በኩል አንድ መኪና ብቻ ስለሚቆም፣ ሁለት ጥሪ በተከታተለ ጊዜ ሁለተኛው ሰው ምን ያህል እንደሚጠብቅ እያሰላች ነው። ወንድሟ «እስቲ አንድ ሳምንት እረፊ» ቢላት አልሰማችም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቿን ታቅፋ ኃላፊው ቢሮ ገባች። እሳቸው ወንበር አቀረቡላትና፣ «ይህ ደግሞ ስንት ገጽ ነው?» አሉ።

«ለመናኸሪያው ሁለተኛ መኪና ከፈቀዱ አጭር ነው» አለችና የመጀመሪያውን ገጽ ፊታቸው አኖረች።